በፍልሰታ ሐረር ደርሶ የተመለሰው

በየካ ሚካኤል እምላለሁ፣ አያምኑኝም እሜቴ ፈትለወርቅ! መስቀል አልፎ እንኳ የእንጦጦ ጭቃ አልደረቀም። ትናንት ሁለት ቀንድ ብቻውን ዳገቱን ሲወጣ አየሁ፤ ለካ ከሥሩ በሬ ኖሯል። እርስዎስ ደኅና ነዎት? ባቄላው አፈራ? እሰይ።

ልጅዎ ከበበስ? ሐረር እንደዘመተ ቀረ... ግን “ወፍሯል” የሚል መልእክት ደረሰዎ አሉ። መልእክተኛውም ሁለተኛውን ስንቅ ሊቀበል መጥቷል፤ ያውና ከደጀ ሰላሙ ቆሞ በቅሎዎን ያሻሻል። ስልቻው ተጭኗል? ገና ነው? አይቸኩሉ... ስሙን አልጠራም፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰው አይታማም። እኔ ቀጀላም ብሆን አንዳንዴ ማመስገን አውቃለሁ።

እግር እንደሱ የት ይገኛል? ሲራራ ነጋዴ ሐረር ለመድረስ ብቻ ወር ሙሉ ይደክማል። እሱ ፍልሰታ ሲያዝ ወጥቶ፣ ፍልሰታ ሲፈታ ከደጃፍዎ ተገኘ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉት ለሰነፍ ነው፤ የሱ እንቁላል ሳይፈለፈል ይበራል። ቁጭ ብሎ ሐረር ደርሶ፣ ቁጭ ብሎ ይመለሳል... በቅሎ ላይ ማለቴ ነው። አዋሽ በነሐሴ ግንድ እየነቀለ ሲወርድ፣ እሱ ሱሪው ሳይረጥብ ተሻገረ። ሙሴ እንኳ በትር አስፈልጎት አልነበር? በቅሎዋስ? የነጋዴ በቅሎ አጥንቷ ተቆጥሮ ትመለሳለች፤ የርስዎ ግን ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። የሐረር መንገድ ሣሩ ምን ቢጣፍጥ ነው?

ጾመኛነቱስ! ያን በቅቤ የራሰ ጭኮ ተሸክሞ ከርሞ አንዴም አልቀመሰም። ጉንጩን እንዲያ የሞላው ሽታው ብቻ ነው። ወፍሯል ያለዎትም እውነት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ መቼም ወፍሯል።

ከስንቁ ጋር የላኩትን ጋቢስ ያስታውሱታል? እጅዎ የፈተለውን፣ ለልጅዎ ጥይት እንዲመልስለት ከመቅደሱ አፈር፣ ያን እምነቱን፣ ጫፉ ላይ የቋጠሩበትን? ትናንት ጭቃውን ሸሽቼ በኮተቤ ዞርኩ፤ ያው ከዚህ ሰው ቢጣራ የሚሰማበት ቁልቁለት አይደል? ጠላ ሻጯ ጂቱ ዘንድ ጎራ አልኩ። ጋቢ ደርባለች... ጫፉ ተቋጥሯል። “አንድ ደግ እንግዳ የነሐሴን ዝናብ እዚሁ አሳልፎ ሲሄድ ሰጠኝ፤ ከደረብኩት ወዲህ ወገቤን አሞኝ አያውቅም” አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ጋቢ ጋቢን ይመስላል።

ያ ደግ እንግዳ ነገ ደግሞ ወደ ሐረር ሊነሣ ነው ብዬ ነገርኳት። እውነት፣ ክፋት የሌላት ሴት ናት! ማሰሮውን ቁጭ አድርጋ፣ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ እንዲህ ስትል መረቀችው፦

“አዬ ምስኪን! እንግዲህ የየካው ሚካኤል ይርዳውና፣ አሁንስ ኮተቤን ያሻግረው!”