ለሦስት ቀን የተጠመደው ላፕቶፕ

ከብቸና ወደ ሞጣ የሚሄደው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሊነሣ ሲል ምንይሉ ሮጦ ተሳፈረ። በወረዳው መዝገብ ቤት ፋይል ሲያወጣና ሲያገባ ሃያ ዓመት የቆየ ሰው ስለሆነ ሩጫ አልለመደም፤ ቁና ቁና እየተነፈሰ ባገኘው ክፍት ወንበር ላይ ዘፍ አለ። እህቱ ስርጉት ሞጣ ላይ ልጇን ክርስትና ታስነሣለችና ከምሳ በፊት መድረስ አለበት። ዘወር ብሎ ማን አጠገብ እንደ ተቀመጠ ሲያይ ግን «ምነው ቆሜ በሄድሁ!» አለ በልቡ።

አጠገቡ ያሉት ጎረቤቱ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ የኔሰው ናቸው። ጉልበታቸው ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር እንደ ሕፃን አስተኝተዋል። ከእሳቸው ወዲያ በመስኮቱ በኩል የመጨረሻ ልጃቸው አርሴማ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ዓይኗ አብጧል።

«እንዴት አደሩ የኔታ? ደኅና ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተን ስፈልግ ነበር።»

«እኔን?»

«አዎ፣ አማካሪውን። ምክርህን ልመልሰው እየሄድሁ ነው» አሉና ጥቅሉን መታ መታ አደረጉት።

ምንይሉ ነገሩ ገባው። ከሦስት ቀን በፊት መሪጌታ ለአርሴማ የመጀመሪያዋን ላፕቶፕ የገዙት በእሱ ምክር ነው። ሞጣ ላይ የጨርቅ ነጋዴው የሙሐመድያሲን ልጅ ኢናስ የኮምፒውተር ሱቅ አላት። እዚያ ጠንካራና ዋጋው የቀለለ ላፕቶፕ አገኙ፤ ነገር ግን የሚሠራው ሰው ሁሉ በሚያውቀው ዊንዶው ሳይሆን ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሥርዓት ነበር። መሪጌታ እንደ በሬ ገዥ ዞረው አዩት፤ ክዳኑን ጥርስ እንደሚያይ ሰው ከፈቱት፤ ዘሩ ከወዴት እንደ ሆነ ጠየቁ። በመጨረሻም «በሬ ሲገዛ ወግ አለ። ገዥ ወስዶ ሦስት ቀን ጠምዶ ያያል፤ ካላረሰ ይመልሳል። በዚህ ከተስማማሽ እወስዳለሁ» አሉ። ኢናስ ሣቀችና ለአባቷ ደወለች። አባቷም «ለየኔታማ ቃል ግቢላቸው፤ ቃሉ የእኔ ነው» አለ። እንግዲህ ዛሬ ሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው።

«ምን አጠፋ?» አለ ምንይሉ።

«ምን ያላጠፋው አለ? አንደኛ፣ ዊንዶው የለውም። የኮፒ ቤቷ ጸሐፊ ከፍታ አየችና ሣቀችብኝ። መስኮት የሌለው ቤት ለዶሮ እንጂ ለሰው ይሆናል?»

«የኔታ፣ ዊንዶው የአንዱ ሥርዓት መጠሪያ ነው እኮ። ይኼኛውም ይጽፋል፣ ያሰላል፣ ኢንተርኔት ይገባል። እንደዚያው ነው።»

«እንደዚያው ከሆነ ስለ ምን ስሙን ለወጠ?»

ምንይሉ ትንፋሹን ሳበ። ከቅኔ መምህር ጋር መሟገት ከእባብ ጋር ገመድ እንደ መጓተት ነው፤ ያዝሁት ሲሉ መልሶ ይጠመጠማል። ቢሆንም መንገዱ ረጅም ነው፤ ወንበሩም አይቀየርም።

«እርስዎ ራስዎ» አለ፣ «የዋሸራን ቅኔ ጨርሰው ሲያበቁ ወደ ጎንጅ ቅኔ ቤት አልወረዱም?»

«ወርጃለሁ።»

«ሁለቱ ቤቶች አንድ ናቸው?»

«እንዴት ተደርጎ! መንገዳቸው ለየቅል ነው።»

«ግዕዙስ?»

«ግዕዙማ ያው ነው» አሉ መሪጌታ። አርሴማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ከመስኮቱ መለሰች። ምንይሉም አሸነፍሁ ብሎ እግሩን ዘረጋ።

«ጎንጅ ስወርድ» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው፣ «እዚያ መምህር ነበረ። እግሩ ሥር ተቀመጥሁ፤ ስሳሳት አቀናኝ። የዚህ ሣጥን መምህሩ ማን ነው? እስቲ ብቸና ውስጥ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ጥራልኝ። ሲታመም ማን ያክመዋል? አንተ ታክመዋለህ?»

ምንይሉ የዘረጋውን እግር ሰበሰበ። እውነቱን ለመናገር እሱ አያክመውም። ሌላውን መምከር እንጂ ማከም አልተማረም።

«እኔ እማረዋለሁ ብያለሁ እኮ» አለች አርሴማ።

«አንቺ ተማሪ ነሽ። ተማሪ ራሱን አያስተምርም።»

«በእርስዎ ጉባኤ ላይ ትንንሾቹን እያስቀጸሉ የሚያስጠኗቸው ትልልቆቹ ተማሪዎች አይደሉም እንዴ አባባ?»

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሣቀ። መሪጌታ ወደ ኋላ ዞር ብለው ሣቁን በዓይናቸው አስቆሙትና «ከመምህር ጋር አይሟገቱም» አሏት።

«ሙግቱን የጀመሩት እርስዎ ነዎት» አለ ምንይሉ። «ሌላስ ምን አገኙበት?»

መሪጌታ ከኪሳቸው ትንሽ ፍላሽ አወጡ። «ዋናው ይኼ ነው። የመምህሬን ቅኔዎች በዚህ አስጽፌያለሁ። ከሞተ በኋላ ከየደቀ መዝሙሩ አፍ የለቀምሁት ነው። ኮፒ ቤት ሲከፈት እንደ ብራና ጽሑፍ ያምራል። በዚህኛው ስንከፍተውስ? የፈረንጅ ፊደል፣ ቁጥር፣ መስቀል የመሰለ፣ ሰረዝ የመሰለ! ግዕዝን እንዲህ የሚያደርግ ዕቃ ቤቴ አያድርም። ከእንግዲህም ኮምፒውተር የሚባል በደጄ አያልፍም፤ ምያለሁ።»

ምንይሉ የአርሴማ ዓይን ለምን እንዳበጠ አሁን ገባው። ይህ ላፕቶፕ ከተመለሰ የሚመጣ ሌላ የለም። ልጅቷ ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ በዚያ ዕቃ መተየብ ተምራለች፤ የሒሳብ መለማመጃዋን በሠንጠረዥ አስገብታበታለች፤ ትምህርት ቤት ያሉት ኮምፒውተሮች ለስድስት ተማሪ አንድ ሲሆኑ ይኼ የብቻዋ ነው።

«አርሴማ፣ ስለ ፊደሉ ምን ይመስልሻል?»

«ጥፋቱ የላፕቶፑ አይመስለኝም ጋሼ። እኔ በእሱ አማርኛ ስጽፍ ደኅና ይጽፋል። ነግሬያቸዋለሁ።»

«ታዲያ የእሱ ካልሆነ የማን ነው? የመምህሬ?» አሉ መሪጌታ።

ግንደወይን ላይ መኪናው ሲቆም ምንይሉ ወርዶ ውኃ ጠጣ። በእርግጥ ውኃ አልጠማውም፤ ለአምስት ደቂቃ «ስለ ምን» የሚል ቃል የማይሰማበት ቦታ ፈልጎ ነው። ሲመለስ መሪጌታ ጠበቁትና «እና ስለ ምን ይመስልሃል የረከሰው? መልካም ዕቃ ይረክሳል?» አሉት።

«የኔታ፣ ለዊንዶው ፈቃድ ገንዘብ ይከፈላል። ሊኑክስን የሠሩት ሰዎች ያለ ዋጋ ሰጥተውታል።»

«ያለ ዋጋ? ታዲያ ምን ይበላሉ?»

«እርስዎ ቅኔ የሚያስተምሩት በስንት ነው?»

መሪጌታ ጥቅሉን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ፤ ግን ምንይሉ በዚህ ጊዜ እግሩን አልዘረጋም።

ሞጣ ሲደርሱ ምንይሉ ወደ እህቱ ቤት እንደ መሄድ አርሴማን አየና ልቡ አልችል አለው። «ለአንድ አፍታ» ብሎ ተከተላቸው። ለአንድ አፍታ የተባለ ነገር ሁሉ ምሳ እንደሚያሳልፍ እያወቀ።

ኢናስ ከባንኮኒዋ ኋላ ተነሥታ ሰላም አለቻቸው። መሪጌታ ጥቅሉን ፈትተው አስቀመጡ። «እንደ ቃላችን፣ ልጄ። አላረሰልኝም።»

«እንደ ቃላችን የኔታ» አለችና ያለ አንዳች ክርክር የገንዘብ መሳቢያዋን ሳበች። «አባቴ የሰጠውን ቃል እኔ አላጥፍም።»

ለሙግት ታጥቀው የመጡት መሪጌታ ባላጋራ አጥተው ቆሙ። አርሴማ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለች ኢናስ። «በሬ ሲመለስ አመሉ ለቀጣዩ ገዥ ይነገራል አይደል? ወጉ እንደዚያ ነው። የዚህ አመሉ ምንድን ነው?»

«ፊደል አያውቅም።» ፍላሹን አስቀመጡላት።

ኢናስ ፍላሹን አገላብጣ አየችው፤ ግን እፊቷ ካለው አዲስ ኮምፒውተር ላይ አልሰካችውም። «አርሴማ፣ በአንቺው ላይ ሰኪው» አለች።

«ስለ ምን በራስሽ አትሰኪውም?» አሉ መሪጌታ።

«የኔታ፣ የኮፒ ቤት ፍላሽ ስንቱን ኮምፒውተር ሲዞር የከረመ ነው፤ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። አብዛኛው ቫይረስ ደግሞ የተሠራው ለዊንዶው ነው፤ እዚህኛው ላይ አይሠራም። እኔም ሰው ያመጣልኝን ፍላሽ መጀመሪያ የምከፍተው በዚያ ነው።» ከባንኮኒው ሥር ያለ፣ ጠርዙ የተላላጠ አሮጌ ኮምፒውተር አሳየቻቸው።

«እሱም እንደዚህኛው ነው?»

«እንደዚህኛው። ስድስት ዓመት ሠርቼበታለሁ።»

መሪጌታ አሮጌውን ኮምፒውተር ለረጅም ጊዜ አዩት። የምትሸጠውን ራሷ የምትቀምስ ነጋዴ ማግኘት እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም።

አርሴማ ፍላሹን ሰካች። ከቅኔው ፋይል ጎን ማንም ያላስቀመጣቸው ሁለት ፋይሎች ነበሩ። ኢናስ አጎንብሳ «ያውልሽ፤ ቫይረሶቹ እነዚያ ናቸው» አለች። አርሴማ አጠፋቻቸው። ከዚያ ንጹሑን ፋይል በሌላ ፍላሽ ገልብጠው ዊንዶው በተጫነበት አዲስ ኮምፒውተር ላይ ከፈቱት፤ እዚያም ያው ነው። የፈረንጅ ፊደል፣ ቁጥር፣ መስቀል የመሰለ፣ ሰረዝ የመሰለ።

መሪጌታ መነጽራቸውን አወጡ። «ይኼኛው መስኮት አለው?»

«አለው።»

«ታዲያ ስለ ምን አላየም?»

ምንይሉ ሣቁን ዋጠ። ኢናስ ግን አልሣቀችም፤ አስረዳች። «ጸሐፊዋ የጻፈችው በድሮ አጻጻፍ ነው የኔታ። ውስጡ የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ፎንት የሚሉት ልብስ ግዕዝ ያስመስለዋል። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ልብሱ ይወልቃል፤ ዊንዶውም ይሁን ሊኑክስ ለውጥ የለውም። የዛሬው አጻጻፍ ግን ፊደሉን ራሱን ነው የሚያስቀምጠው። አርሴማ የምትጽፈው በዛሬው ነው።»

«ፎንቱ አለሽ?» አለች አርሴማ።

«አለኝ።» ኢናስ ቀድታ ሰጠቻት። ያን ጊዜ ደንበኛ ገባና ወደ እሱ ዞረች።

«ቆዪ! እሷ ትምጣ፤ እንዳታበላሺው!» አሉ መሪጌታ።

አርሴማ አልቆየችም። አንዱን ከፈተች፣ ሌላውን ጫነች፣ ላፕቶፑ የሆነ ነገር ጠየቃት፣ አነበበች፣ ከንፈሯን ነክሳ አሰበች፣ መለሰችለት። ከዚያ የቅኔውን ፋይል ዘግታ እንደገና ከፈተችው። የመሪጌታ መምህር የመጀመሪያ ጉባኤ ቃና፣ ያ ባለ ሁለት ስንኝ ቅኔ፣ በሙሉ ፊደሉ ብቅ አለ።

መሪጌታ በሹክሹክታ አነበቡት። ሁለተኛውን አነበቡ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ «ቆይ!» ብለው ጮኹና ሱቁን ሁሉ አስደነገጡ። «እዚህ ላይ አንድ ስንኝ ጎድሏል! ጸሐፊዋ ዘልላዋለች! ይህን እኮ በወረቀት አሳትሜ ለአራት ደቀ መዛሙርት ሰጥቻለሁ!»

«ይንገሩኝ» አለች አርሴማ ጣቶቿን አዘጋጅታ።

በቃላቸው ነገሯት። ጻፈች። ስንኙ ቦታው ላይ ገባ። መሪጌታ ተቀመጡ ሳይባሉ ወንበር ስበው ተቀመጡና «ቀጥይ» አሉ።

ምንይሉ ሰዓቱን አየ። ሰባት ሰዓት ሆኗል። ስርጉት ስልክ ደወለች፤ አላነሣም። አራተኛው ገጽ ላይ ሌላ ግድፈት ተገኘ። ስርጉት ደግማ ደወለች።

«የኔታ፣» አለ ምንይሉ በመጨረሻ፣ «ልንመልሰው ነው ወይስ ልናርመው ነው የመጣነው?»

መሪጌታ ቀና አሉ። «ማን ያክመዋል ብዬህ ነበር። አንተ አልመለስህልኝም።»

«አልመለስሁም።»

«እሷ መለሰችልኝ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ጥፋቱ የሣጥኑ አይደለም ስትዪኝ ስለ ምን አጥብቀሽ አልተሟገትሽም?»

«ከመምህር ጋር አይሟገቱም ብለውኝ ነዋ!»

ኢናስ ከዚያ ማዶ «እና አመሉን ምን ብዬ ልንገር?» ስትል ጠየቀች።

«ለማንም አትንገሪ። አይመለስም። አመሉ የእኔ ነበር» አሉ መሪጌታ፤ መሳቢያውንም በገዛ እጃቸው ገፍተው ዘጉት። አርሴማ ነጠላውን አንሥታ ላፕቶፑን መልሳ ጠቀለለችው።

ምንይሉ ክርስትናው ቤት የደረሰው ዕቃ ሲታጠብ ነው። የስርጉትን ቁጣ ከቀዘቀዘ ወጥ ጋር በላ። ወደ ብቸና የሚመለሰው መኪና ላይም ከመሪጌታና ከአርሴማ ጋር ተገናኘ። ደክሞታልና ለመተኛት አሰበ፤ ግን መሪጌታ ከአጠገባቸው ለተቀመጠው መንገደኛ ማስተማር ጀምረው ነበር።

«ለልጅህ ኮምፒውተር ስትገዛ» ይሉታል፣ «ጎረቤት ሁሉ ያለውን አትግዛ፤ ሥራውን ጠይቅ። ይጽፋል? ያሰላል? ልጁ ሊማርበት ይችላል? ይኼ ሊኑክስ የሚሉት ለፈቃድ አያስከፍልህም። በየኮፒ ቤቱ የሚዞረው ቫይረስ አይደፍረውም። ያረጀ ኮምፒውተርም ቢሆን ያሠራዋል፤ ሞጣ ላይ ስድስት ዓመት ያገለገለ በዓይኔ አይቻለሁ። ያልተለመደ ስለሆነ የሚቸግር ነገር አለ፤ አልክድህም። ያን ጊዜ ሻጭህ ምላሽ የምትሰጥ ትሁን፤ ልጅህም ይሞክር፤ አትከልክለው። ልጅ ሲሞክር ነው ሐኪም የሚሆነው። ጽሑፍህንም በድሮው አታስጽፍ፤ በዛሬው አስጽፍ።»

ምንይሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ቃሉ ሁሉ የእሱና የኢናስ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሙሉ የለፈለፈው ሁሉ በመሪጌታ አፍ የመሪጌታ ሆኗል። ይሁን አለ፤ ዋናው ልጅቷ ዕቃዋን ማቀፏ ነው።

«ምንይሉ» አሉ መሪጌታ።

«አቤት።»

«አንተ ቤት ያለው ኮምፒውተር የትኛው ነው?»

ምንይሉ ዓይኑን ገለጠ። «እ... ዊንዶው ነው።»

«ፈቃድ ከፍለህበታል?»

«እሱስ... ሰው ነው የጫነልኝ።»

«ቫይረስስ የለበትም?»

ቤቱ ያለው ኮምፒውተር ለመከፈት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ የልጆቹ ፎቶ ሁሉ ባልታወቀ ምክንያት ጠፍቷል፤ ሚስቱ ከላዩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ አድርጋበታለች። ይህን ሁሉ ሊናገር አልፈለገም።

«አልፎ አልፎ» አለ።

«ሦስት ሰዓት ሙሉ ስትሰብከኝ የነበረው ያልቀመስኸውን ነው እንዴ?» አሉ መሪጌታ በእውነት ተገርመው። «ስለ ምን ሳትቀይረው ቀረህ?»

ምንይሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። የቀረበት ምክንያት ጠዋት መሪጌታ የጠየቁት ያው ጥያቄ ነበር፤ ሲታመም ማን ያክመዋል ብሎ ሁለት ዓመት ፈርቷል።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘኸው ና» አሉ መሪጌታ። «አርሴማ ታየዋለች። እግሯ ሥር ቁጭ ብለህ ትማራለህ፤ ስትስት ታቀናሃለች።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«እኔ ጎንጅ ስወርድ ጢም አብቅዬ ነበር።»

አርሴማ ላፕቶፑን እንዳቀፈች ጎንበስ ብላ፣ በትሕትና፣ ግን ከጠዋቱ በተለየ ድምፅ ተናገረች። «ጋሼ፣ ከመምጣትዎ በፊት ያለዎትን ፋይል ሁሉ ይገልብጡ። ሳይገለብጡ ከመጡ አልነካውም።»

«እሺ፣ የኔታ» አለ ምንይሉ።

መሪጌታ ቀና ብለው ሊመልሱለት ሲሉ፣ የተጠራችው ልጃቸው መሆኗ ገባቸው።