የታጠበው ዘር

ሁለቱን ያገኘኋቸው ዝናብ አባርሮኝ ከእህል መጋዘኑ በረንዳ በተጠለልኩበት ዕለት ነው። አንደኛው እርጥብ ኮታቸውን የሚያራግፉ ሽማግሌ ገበሬ፣ ሌላዋ በግብርና ኮሌጅ ተምራ መጋዘኑን የምትመራ የሚስታቸው የእህት ልጅ ናት። ከድርቁ ወዲህ መንግሥት ለገጠሩ በመደበው በጀት ለየቤተሰቡ ምርጥ ዘርና እስከ አዝመራ የሚያደርስ ቀለብ ይታደል ነበር።

«ዘሩን ብቻ ስጪኝ» አሉ ሽማግሌው። «ቀለቡን ለቸገረው።»

«አጎቴ፣ ሁለቱ አብረው የሚሰጡት እኮ ያለ ምክንያት አይደለም።»

«ዘር ሥራ ነው፤ ላቤን አፈስበታለሁ። ቀለብ ግን ልመና ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት እጄን አልዘረጋም!»

«ሲገብሩ የኖሩት ማን ሆነና? የራስዎ ገንዘብ ነው የተመለሰልዎ። ቀለብ ካለ በሬ አይሸጥም፣ ማሳም ጦሙን አያድርም። እርስዎ ሲያመርቱ ደግሞ ጋሪ ነጂውም ባለወፍጮውም ሥራ ያገኛሉ።»

«እሱን ለስብሰባ አቆዪው።»

ልጅቱ ተባይ እንዳይነካው መድኃኒት ተቀብቶ ከቀላው ዘር አንድ እፍኝ ዘግና አሳየቻቸው።

«አምናም ዘሩን ብቻ ወስደው ሄዱ። አክስቴን ቀበርናት።»

«አጥባዋለች እኮ!» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸው ተሰብሮ። «ውኃው እስኪጠራ አጥባዋለች። ቀዩ ሁሉ ለቆ ነበር።»

«ቀለሙ ይለቃል፤ መርዙ ግን አይለቅም፣ አጎቴ።»

«ምናለ ራበኝ ብትለኝ?»

«በእርስዎ ቤት ራበኝ ይባላል?»

በዚያ ቤት ራበኝ ማለት አባወራውን ማዋረድ ነበር። እሳቸው ስማቸውን ሲጠብቁ ሚስታቸው ዘሩን ደብቃ ቆላች። ኩራትን አልነቅፍም፤ ሌላ ሰው በሆዱ የሚከፍልለትን ኩራት ግን እነቅፋለሁ።

«ልጅዎ ጨቅላዋን ይዛ ቤትዎ አራስ ናት» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «እሷም ዝም ነው የምትለው። ከእናቷ የተማረችው ይህንኑ ነው።»

ሽማግሌው ቀዩን ዘር አዩት። ከዚያ ኮታቸውን አስተካክለው ቀለብ ከሚታደልበት መስኮት ፊት ቆሙ።

«ስጪኝ። ዘሩ መሬት ይግባ፣ እኛም እንብላ። ዛሬ ቤት ስገባ ልጄን ራበሽ ወይ ብዬ እጠይቃታለሁ።»

«ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?» አለች ልጅቱ። ጠፍቷት አይደለም፣ ደንብ ሆኖባት ነው።

«አራት።»

ልጅቱ ሳትጽፍ አንገቷን ደፋች።

«ሦስት» አሉ። «ሦስት ነን።»