አቻ እንዳንወጣ

የኮሌጃችንን የእግር ኳስ ቡድን ይዤ ከገንዳ ውሃ ሽንፋ ሄጄ ነበር። ይዤ ማለቴ እንኳ ልክ አይደለም፤ ጡረታ የወጣሁ መምህር ስለሆንሁ ልጆቹ ለክብር ብለው አስከተሉኝ። ጨዋታው ጥሎ ማለፍ ነው። አንድ ለባዶ እየተመራን አጥቂዎቻችን ኳስ ባገኙ ቁጥር ወደ ኋላ ይመልሷታል። አንደኛው አጥቂ ወደ መስመሩ ሲጠጋ ጠራሁት።

«አንተ፣ ጎሉ ወዲያ ነው። ወደ እኛ ምን አመጣህ?»

«ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይናገሩ» አለኝ ላቡን እየጠረገ። «አቻ ከወጣን ጭማሪ ሰዓት አለ። ሾፌሩ ደግሞ ቢመሽም አላድርም ብሏል። ባለፈው ሳምንት አጋቾች በምንመለስበት መንገድ መታጠፊያው ላይ መኪና አስቁመው ሰሊጥ አጫጆችን ወስደዋል፤ እስካሁን አልተመለሱም።»

«አሠልጣኛችሁ ይህን ያውቃል?»

«እሱ አይደል እንዴ ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያየው?»

ቀና ብል ፀሐይዋ ወደ ሱዳን በኩል አዘንብላለች። ቁጣዬ ጠፋ።

ጨዋታው ሊያበቃ ሲል ተከላካያቸውን አንሸራተተውና ኳሷ እዚያው ልጅ እግር ሥር ገባች። በረኛውም ጎሉን ትቶ ወጥቷል። ተመልካቹ ሁሉ ጮኸ፤ ልጁ ግን ዞሮ እኔን አየኝ። ዕድሜ ልኬን ተማሪ እንዳይሳሳት ስደክም የኖርሁት ሰው «ምነው በሳተ» አልሁ በልቤ።

ኳሷ ከአግዳሚው በላይ አልፋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ደስ አለኝ። ደስታ እንኳ ልለው አልችልም፤ መንገዱ ገና ከፊታችን ነበር።