የአደይ ለተብርሃን ተራ

በጃንሆይ ጊዜ አባቴ አስመራ ተመድቦ ገዛ ባንዳ የሚባል ሰፈር እንኖር ነበር። ፊት ለፊታችን አደይ ለተብርሃን የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። መንገዱን በጠመኔ አስምረን ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት፣ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ትክ ብለው ያዩናል። እኛ ደግሞ የአሮጊት ሥራ መቆጣት ብቻ ይመስለን ስለነበር፣ ጠጋ ሲሉ እንበተናለን። አንድ ቀን በአንድ እግሬ ቆሜ ሳለሁ መጥተው ፊቴ ተገተሩ። ጓደኞቼ ጥለውኝ በረሩ። ለእናቴ ሊነግሩብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ጓለይ፣ ልጄ፣ ለእኔም ተራ ስጪኝ።"

ጠጠሯን ሰጠኋቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ፣ በአንድ እግራቸው እየዘለሉ መስመር ሳይነኩ ደርሰው ተመለሱ! "የት ለመዱት?" አልኳቸው አፌን ከፍቼ።

እያለከለኩ ሳቁ። "አገሬ፣ በእናንተ ዕድሜ። እየተጫወትኩ እናቴ ጠርታኝ ገባሁ፤ በዚያው ዳሩኝ። ጨዋታው ሳያልቅ ቀረ።"

ዞር ብዬ፣ ጥግ ተደብቀው ወደሚያዩን ጓደኞቼ ጮህኩ፤

"ኑ! አደይ ለተብርሃን ገና አልጨረሱም!"