በፊልሙ የሞቱት ጋሼ

ከቦንጋ ወደ ዋጫ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት፣ አጠገቡ ያሉትን ፊልም የተሠራላቸው ባለሜዳሊያ ሰውዬ አፍጥጦ አያቸው።

«ጋሼ፣ ፊልሙ ላይ ጦር ሜዳ የሞቱት እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ እንዴት...»

«የሞተውማ እኔን ያዳነኝ ጓደኛዬ ነው። ሁለት ጀግና ተመልካቹን ያደናግራል ብለው ሞቱን ለእኔ ሰጡኝ።»

«እሳቸውስ?»

«ፊልሙ ውስጥ የለም። ዋጫ ያሉት እናቱ ግን ነገ ፊልሙ ቦንጋ ሲታይ ልጄን ላየው ነው ብለው ሊመጡ ተሰናድተዋል።»

«ሊነግሯቸው ነው?»

«ያኔም መርዶውን የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

«ለመርዶ ብቻዎን ይሄዳሉ?»

«ያኔ ሊነጋጋ ሲል ሠፈርተኛው አጅቦኝ ነበር። ለፊልም መርዶ ማን ይከተለኛል?»

ሺሺንዳ ላይ ቡና የሚያስረክበኝ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ እያየሁት፣ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩ።