ለእሳት የተቀመጠችው ቁራሽ

እዚህ መቃብሩ ዳር የቆማችሁ ወገኖቼ፣ የታላቅ እህቴን የወይዘሮ ገዛላን ሕይወት የማነብላችሁ እኔ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ።

ወይዘሮ ገዛላ ከአባታቸው ከመምህር ሳሲ ቢታንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዚዛ እዚሁ በቱኒዚያዋ ጄርባ ደሴት፣ በትልቁ የአይሁድ ሰፈር ተወለዱ። ጸሎቱን ከአባታቸው፣ ቡኮውን ከእናታቸው ተምረው፣ የኢየሩሳሌሙ ቤተ መቅደስ ቆሞ ሳለ የካህን ድርሻ የነበረውን ቁራሽ ከሰንበት ሊጥ ቆንጥረው በቡራኬ ለእሳት መስጠትን ገና በልጅነታቸው ለመዱ።

የብር አንጥረኛውን አቶ ኸሙስን አግብተው ፍራጂንና ትራኪን ወለዱ። የደረቀ ዳቦ በሾርባ አርሰው ለታመመ ጎረቤት ሲወስዱ፣ «ብሉ እንጂ፣ ሞት እንደሆነ በባዶ ሆድም ይመጣል!» እያሉ በሽተኛውን ያስቁት ነበር።

አንድ ዓርብ እንግዳ በዝቶባቸው ድርሻውን ሳይቆነጥሩ ጋገሩ። ያስታወሱት ሰንበት ገብቶ፣ ሁለቱ የሰንበት ዳቦዎች ተቆርሰው፣ ጨው ነክተው ከተበሉ በኋላ ነበርና፣ ሥርዓታችን እንደሚፈቅደው ሰንበት ሲወጣ የእሳቱን ድርሻ የሚለዩባትን አንዲት ቁራሽ አስቀርተው በጨርቅ ሸፈኗት። ፍራጂ ግን ጠዋት ከምኩራብ ተርቦ ገብቶ ጎረሳት፤ እናቱ ቢጮኹበትም «እማ፣ እሳቱማ ጠግቧል፤ የራበኝ እኔ ነኝ!» ብሎ ሳቀ። እሑድ የአባቱን የብር ጌጥ ሊሸጥ ይዞ ወደ ስፋክስ ከተማ በጀልባ ተሳፈረ። ጀልባዋ ተገኘች፤ ልጁ አልተገኘም።

ረቢው በቁራሽ ዳቦ ልጅ አይወሰድም ቢሏቸው «እኔው ነኝ የገደልኩት» ከማለት አልተመለሱም። ወይ እህቴን! ከዚያ ወዲህ በየሰንበቱ ከሁለቱ ዳቦዎች ጎን ለፍራጂ ሦስተኛ ያኖሩ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ አንዳንድ ቅዳሜ ጨርቁ ሲነሣ የሦስተኛው ጫፍ ተገምጦ እናገኘዋለን፤ ከመካከላችን ነካሁት ያለ ግን የለም። እሳቸው ፈገግ ይላሉ፤ እኛን ይበርደናል። ትራኪማ ፈርታ ሊጥ በእጄ አልነካም ብላ ማለች።

አቶ ኸሙስ ካረፉ በኋላ የእህቴ ልብ ደከመ። ትናንት ሐሙስ ሊጡን አቡክተው ሳይቆነጥሩ ወደቁ፤ ትንፋሽ እያጠራቸውም «ትራኪዬ፣ ደግሞ የማን ልጅ ሊሄድ ነው?» አሉ። ትራኪ መሐላዋን ትታ፣ እናቷ እያዩ ቆንጥራ፣ ባርካ፣ ምድጃው ውስጥ ጣለችና ወደ በሩ ዞራ «ፍራጂ፣ እሳቱ ድርሻውን ወስዷል፤ አንተም ብላ» አለች። እህቴ ይህን ሰምተው ዐረፉ።

ልጃቸውን ትራኪን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። የዓለም ጌታ ነፍሳቸውን ከሳራና ከርብቃ ጋር በሕይወት ማሰሪያ ይቋጥርልን፤ አሜን።

ሐዘንተኛ ከቀብር መልስ የራሱን ዳቦ አይበላምና የምንቀምሰውን ጎረቤት ያመጣልናል። የእሳቸውን ሊጥ ግን የሰፈሩ ሴቶች ዛሬ ጠዋት ጋግረው፣ ሦስቱንም ዳቦ በጨርቅ ሸፍነው አኑረውልናል። ነገ ቅዳሜ ጨርቁን ስናነሣ ሦስተኛው ሙሉ ሆኖ ካገኘነው፣ ልጁ ከእናቱ ጋር ሄዷል ማለት ነው።