በቫዮሊን የተደረሰ ለቅሶ

በእኛ ጊዜ አባት ሲሞት፣ ዘግይቶ የመጣ ልጅ ከአጥሩ ውጭ ጀምሮ «አባቴን! አባቴን!» እያለ እየጮኸ ነው የሚገባው፣ ሰውም ተነስቶ አብሮት ያለቅሳል፤ ለእኛ ለቅሶ መድረስ ማለት ይሄ ነው። ትሰሙኛላችሁ? ታዲያ የእኔ ልጅ አልመጣም። ባለቤቴ፣ ያ ጨንቻ ተወልዶ እዚህ አርባ ምንጭ ሲሸምን የኖረ ሰው፣ ድንገት ሲሞትብኝ ልጄ ታምሩ ጣሊያን አገር ነበር፣ ቫዮሊን ሊማር ሄዶ። እና ደወለ። «እማዬ፣ ፈተና ላይ ነኝ፣ መምጣት አልቻልኩም» አለኝ። «ፈተና? አባትህ አፈር እየለበሰ ፈተና?» ብዬ ዘጋሁበት። ከዚያ ወዲያ ቢደውል፣ ቢደውል አላነሳሁም። ዓመት ሙሉ! ክፉ ነኝ አይደል? ክፉ ነኝ።

ታዲያ በቀደም ጎረቤቴ አስቴር እየሮጠች መጣች። «እትዬ ብዙነሽ፣ ታምሩ ተመልሷል! ከአዲስ አበባ ከኦርኬስትራ ጋር መጥቷል፣ ከሰዓት ከተማው አዳራሽ ውስጥ ይጫወታሉ!» «ይጫወት» አልኳት። «ኧረ ተይ፣ ልጅሽ እኮ ነው!» «ለቀብር ያልመጣ ለጨዋታ መጣ?» አልኳት። እሷ ግን ነጠላዬን አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችና እየጎተተች ወሰደችኝ። የእድራችን ሴቶችም ነበሩ፣ እነሱ መሃል ተቀመጥኩ።

እና ጀመሩ። ጥቁር የለበሱ ልጆች፣ ሃያ ይሆናሉ፣ ሠላሳም ይሆናሉ፣ እንጃ። አንዱ ቀጭን ዱላ ይዞ ፊታቸው ቆሞ አየሩን ይመታል። «ምኑን ነው የሚያባርረው?» ስል አስቴር «ዝም በይ፣ የጣሊያን ስልት ነው፣ እንዲህ ነው የሚመራው» አለችኝ። ታዲያ ያ ባለ ዱላ ወደ እኛ ዞረና «ቀጣዩን ታምሩ ለአባቱ ነው የሚጫወተው፤ ለቀብራቸው አልደረሰም» አለ። ልጄ ተነሳ። ከስቷል፣ እናንተ፣ ከስቷል። አንገቱን ደፍቶ ጀመረ፣ ሌሎቹ ከኋላው ቀስ እያሉ ተከተሉት፣ አልቃሽ ሙሾ ስታወጣ ሰው እንደሚቀበላት። እኔ ጣሊያንኛ አላውቅ፣ ሙዚቃ አላውቅ፣ ለቅሶ ግን አውቃለሁ! ሳላስበው ነጠላዬን ዘቀዘቅኩ፣ ጥለቱን ወደ አንገቴ፣ እንደ ሐዘንተኛ። አስቴር አየችኝና እሷም ዘቀዘቀች። ከዚያ የእድሩ ሴቶች በሙሉ። ተነስተን ቆምን፤ ከኋላ «ኧረ ተቀመጡ፣ ከለላችሁን!» ይላሉ፣ ማን ሊሰማ! ዓመት ሙሉ በንዴት ይዤው የነበረ እንባ ወረደ።

ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። «ለቅሶ ይጨበጨብለታል እንዴ?» ብዬ ጮህኩባቸው። ማንም አልሰማኝም።

ታዲያ ልጄ ከመድረክ ወርዶ እግሬ ላይ ወደቀ። «እማዬ፣ ምን ዋጋ አለው፣ አባባ አልሰማኝም» አለኝ። ምን ልበለው? ውሸት አልችልም። «አዎ፣ አልሰማህም» አልኩት። «መርዶውን የሰማህ ቀን ማን ነበር አብሮህ?» ስለው «ማንም። ክፍሌን ዘግቼ ብቻዬን ነበርኩ፤ ጎረቤቶቼ አባቴ መሞቱንም አላወቁ» አለኝ።

ይሄውላችሁ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚበላኝ ይሄ ነው። እኔ ቤት ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው ሞልቶ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ፣ ሲያጽናኑኝ። አባት የሞተበት እኮ እሱም ነው። እሱንስ ማን ለቅሶ ደረሰው? ማንም። እናቱ እንኳ።